በልቦለዴ ውስጥ ስለ ዝሆኔ በሽታ የጻፍኩትን ስህተት እንዴት ላርመው?

ጥያቄ፦ የደምበጫው መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደምበጫ አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ። ማታ ማታ አጫጭር ልቦለድ እጽፋለሁ። እስካሁን የታተመልኝ ነገር የለም። ዘንድሮ ግን ጥቂት መምህራን ገንዘብ አዋጥተን አንድ መድበል ልናሳትም ነው። ከእኔም አንድ ታሪክ ተመርጧል። ታሪኩ እግሯ ስላበጠ ሴት ነው። እኛ አገር ዝሆኔ የምንለው በሽታ ማለቴ ነው።

ሴትዮዋ በወጣትነቷ የእህቷን እጮኛ ትወስድባታለች። እናት ትረግማታለች። ዓመት ሳይሞላ እግሯ ማበጥ ይጀምራል። ጎረቤቱ ሁሉ ይሸሻታል። ቡና አብሯት የሚጠጣ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ እህቷ ይቅር ትላታለች። በማግስቱ ጠዋት እግሯ ጎድሎ፣ እንደ ድሮው ሆኖ ትነሳለች። ጓደኞቼ በጣም ወደዱት።

ታሪኩን ስጀምር በልቤ የነበረችው አክስቴ ናት። የአባቴ እህት ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ ሁለቱም እግሮቿ ያብጣሉ። እሷን የሚያስከብር ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ማንበብ ስለማትችል የምጽፈውን ሁሉ አነብላታለሁ። ያን ቀን እሁድ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ቡና እያፈላች አነበብኩላት። እርግማኑ ጋ ስደርስ ማራገቢያውን አስቀመጠች። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔስ ማንን በድዬ ነው ልጄ? እናቴ እኮ መርቃኝ ነው የሞተችው።»

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያልጠየቅሁትን ማለት ነው። በሽታው ከአፈር ነው አሉኝ። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ። አይተላለፍም አሉኝ። እግርን በሳሙና ማጠብና ጫማ ማድረግ ትልቁ ነገር ነው አሉኝ። ስወጣ የተሰማኝ ሐፍረት ብቻ አልነበረም። በጣም ነው የተቆጨሁት። መድበላችን የሚሸጠው እዚሁ ነው፤ ደምበጫ፣ አማኑኤል፣ ማርቆስ። የሚያነበው ሰው ቤት ውስጥ እንደ አክስቴ ያለች ሴት ትኖራለች። ያ ሰው ከእኔ ታሪክ የሚማረው እርግማኑን ነው።

ለማተሚያ ቤት ለመስጠት አንድ ወር ይቀረኛል። ታሪኩን መጣል አልፈልግም። ማረም እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ እውነቱን የመናገር ዕድል አግኝቼ በውሸት ባልፈው አይቀለኝም። ግን ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛ፣ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሳይመስል እንዴት ይጻፋል? ሁለተኛ፣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው የቱ ላይ ነው? እኔ የማላውቀው ሌላም ስህተት ታሪኬ ውስጥ ይኖር ይሆን?

በሙያውም በሕይወትም የምታውቁት ንገሩኝ።

መልስ 1፦ ነርስ ከማርቆስ

መምህር፣ ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። ብዙ ዓመት እነዚህን እግሮች አጥቤያለሁ፣ አሽጌያለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፍም።

በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እዚህ አገር የሠራ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል። የእኛ ደጋ አፈር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲፈርስ የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ነው። በሽታው የሚታየው ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ በሆነ፣ በዓመት ከ1000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ በሚያገኝ አገር ነው። ጎጃምን አስበው። ከደጀን እስከ ቡሬ ስትሄድ መንገድ ዳር የምታየው ያ ቀይ ጭቃ ነው።

በአፈሩ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ፈሳሽ የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፣ ሊምፍ የሚባሉት። ብናኙ እነሱን ያስቆጣል። ቱቦው እየጠበበ፣ እየተዘጋ ይመጣል። ፈሳሹ መመለሻ ያጣና እግር ውስጥ ይቀራል። ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም። ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ «ዓመት ሳይሞላ» ያልከው አንድ ስህተት ነው። ሴትዮህ ያበጠችው እህቷን በበደለችበት ዓመት አይደለም። ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ ነው የጀመረው።

ሁለተኛው ስህተትህ መጨረሻው ነው፤ ለእኔ ከእርግማኑ ይልቅ ይሄ ያሳስበኛል። የቆየ እብጠት በማግስቱ አይጎድልም። ገና ሲጀምር ከተያዘ ሊመለስ ይችላል። ጣቶች አካባቢ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ማታ ያብጥና ጠዋት ይጎድላል። በዚያ ጊዜ ሰው ቢመጣልን ደስታችን ነው። ቆዳው ከደነደነና እጢ ከያዘ በኋላ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ይህን ስልህ ተስፋ የለውም ማለቴ አይደለም። እግሩ ይቀንሳል። ሽታው ይጠፋል። ቁስሉ ይድናል። ከሁሉ በላይ ግርሻው ይቀንሳል። ግርሻ የምለው እግር በድንገት ሲግል፣ ሲቀላ፣ ብርድ ብርድ ሲል፣ ሰውየውን ለቀናት መኝታ ላይ የሚያውለው ነው። አንዳንዱ ምች መታኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ገበሬ በአረም ወቅት አምስት ቀን ቢተኛ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ደጃችን የተሠራ ነው። ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጓል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ እግር አያያዝ ወዲያው ተማሩ፣ ሳሙናውም ቅባቱም ፋሻውም ካልሲና ጫማውም ተሰጣቸው። ሌሎቹ ዓመት ቆይተው ነው ያገኙት። ወዲያው የጀመሩት ላይ ግርሻው ቀንሶ ተገኘ። በውሃ፣ በሳሙና፣ በቅባት፣ በጫማ። ይህን የማያውቅ ሰው ስንት መሬት ሸጦ ስንት ቦታ እንደሚንከራተት አይቻለሁ።

«ይተላለፋል» የሚለውን አክስትህ ትንገርህ። በአንድ መአድ በልታችሁ፣ በአንድ ቤት አድራችሁ ነው ያደግከው። ጀርም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር የለም። ሰው የሚያምታታው ከሌላኛው የዝሆኔ ዓይነት ጋር ነው። ያ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት አማካይነት የሚመጣ ትል ነው፣ ቆላ ነው ያለው። እሱም ቢሆን አብሮ በመብላት አይያዝም። የእኛ የደጋው ከእግር ጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም። በአብዛኛው ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን አንዱ ይብሳል። ስትስላት ይህን አትርሳ።

ስለ ዘር የሚባለው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ብለህ እንዳትጽፍ። በቤተሰብ ውስጥ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ቶሎ እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ለዚህ ነው አንድ ማሳ የሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታሞ አንዱ ደህና የሚሆነው። የሚወረሰው ግን መጋለጡ ነው፣ በሽታው አይደለም። እግሩ አፈር ካልነካ በሽታው አይመጣም። ጋብቻ የሚፈርሰው ሰው እነዚህን ሁለቱን ባለመለየቱ ነው።

ሌላም ጥያቄ ካለህ እዚሁ ጠይቀኝ። የሳሙናውን፣ የማጠቢያ መድኃኒቱን መጠን ግን በታሪክህ ውስጥ አትጻፍ። እሱን ጤና ጣቢያ ሄደው ይማሩት።

መልስ 2፦ አንባቢ ከፍኖተ ሰላም

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልበል። ልቦለድ ልቦለድ ነው። ሕዝባችን እርግማን ያምናል። ደራሲ የሕዝቡን እምነት ካልጻፈ ምን ይጻፍ? መምህር፣ አክስትህን ይቅርታ ጠይቅ፣ ታሪኩን ግን አትንካው። የጤና ትምህርት የሚሰጥ ሌላ አለ። እያንዳንዱን ገጽ ሐኪም እያየው ከተጻፈ የሚነበብ ነገር አይተርፍም። እህትማማቾቹ የሚታረቁበት ቦታ ላይ ብዙ እውነት አለ፣ እሱ እንዳይጠፋብህ ነው የምፈራው።

መልስ 3፦ እናት ከሉማሜ

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እየነገርኳት ነው።

ልጄ መምህር፣ አክስትህን ሰላም በልልኝ። እኔም እንደሷው ነኝ። ሁለቱም እግሬ።

በእርግማኑ አልተናደድኩብህም። እኔም ራሴ እባብ የሄደበት ረግጬ ነው እል ነበር። ሌላዋ መተት ነው ትላለች። የማታውቀውን ሰው በምን ትቆጣዋለህ? ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ሴትዮህ ከተቀመጠችበት አትነሳም። ታለቅሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ይቅርታ ይመጣል። ሥራ የላትም እንዴ? እኔ ጤፍ አርማለሁ። እንጀራ ጋግሬ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ አወጣለሁ። አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። እግሬ ሲያገረሽ እተኛለሁ፣ ሲሻለኝ እነሳለሁ። ይህን ጻፍ።

ጎረቤቱንም ሁሉ ክፉ አታድርገው። የሸሸኝ አለ። ጽዋ ስንጠጣ ዋንጫዬን ለብቻው ያስቀመጠ አለ፤ አልረሳውም። ግን ደግሞ በክረምት ውሃ የቀዳችልኝ ጎረቤቴ ናት። ለቅሶ ቤት ስገባ ተነስታ ቦታ የሰጠችኝ አለች። ሁሉንም ጻፍ።

ያ ነርስ ስለ ጋብቻ ያለው እውነት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሽማግሌ ልከው ነበር። ቀኑ ተቆርጧል። የልጁ ወገኖች እግሬን ሲሰሙ ቀሩ። ምክንያቱን እንኳ አልተናገሩም። እሷ ግን ድኽ ማለት ከተወች ጀምሮ ኮንጎ ጫማ አድርጌላታለሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ እንደኔ እንዳትሆን ብዬ ብቻ። ይኸው አራቱም እግራቸው ደህና ነው። አሁን ይህን የምትጽፈው እሷ ናት። (እናቴ እውነቷን ነው። ደህና ነኝ። ትዳርም ይዣለሁ።)

ስለ ጫማውም ልንገርህ። ጫማ አድርጉ ይሉናል። የትኛውን ጫማ? ገበያ ያለው ለእኔ እግር አይገባም። ሸበጥ ደግሞ አፈር ያስገባል። እኔ ጫማ ያገኘሁት በልክ የሚሰፋ ቦታ ከተወሰድኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳደርገው መንገድ ላይ ሰው እግሬን ሳይሆን ፊቴን አየኝ። ይህን ሴትዮህ ታግኘው። የሚጎድል እግር ከምትሰጣት ልኳ የሆነ ጫማ ስጣት።

መልስ 4፦ አርታዒው ከባሕር ዳር

መምህር፣ ከእናታችን መልስ በኋላ ብዙ የምጨምረው የለኝም፤ ጥሩ አርታዒ ቢያየውም ከዚህ የተሻለ አይነግርህም። ስለ አጻጻፉ ብቻ ጥቂት ልበል።

ከፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። እርግማንን ጻፍ። ገጸ ባሕርያትህ ይመኑት። እናት ትርገም፣ ጎረቤት ያውራ፣ ሴትዮዋም ራሷ ሌሊት ሌሊት «ምን አድርጌ ነው» ትበል። ይህ እውነት ነው፣ በየቤቱ ያለ ነው። ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ ራሱ ምስክር ሲሆን ነው። እናት ረገመች፣ እግር አበጠ። እህት ይቅር አለች፣ እግር ጎደለ። እዚህ ላይ የሚናገረው ጎረቤቱ አይደለም፣ አንተ ነህ። አንባቢ ገጸ ባሕሪ ያለውን ሊጠራጠር ይችላል። ታሪኩ ያደረገውን ግን ያምናል። የተጻፈ ነገር ደግሞ አገራችን ላይ ክብደት አለው። «በመጽሐፍ አንብቤያለሁ» የሚል ሰው ተከራክረህ አታሸንፈውም።

ስለዚህ የምትቆርጠው ክር አንድ ነው፤ በእርግማኑና በእብጠቱ መካከል ያለውን። እህትማማቾቹ ይጣሉ፣ ይታረቁም። እግሩ ግን የራሱን መንገድ ይሂድ። ከጠቡ በፊት ይጀምር። ከእርቁ በኋላም ይኑር። ያን ጊዜ እርቁ የበለጠ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እህትዮዋ የምታቅፈው የዳነች ሴት ሳይሆን ያችኑ ሴት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው አምጥተህ ሁለት ገጽ አታናግረው። ብዙ ጀማሪ ደራሲዎች የሚያደርጉት ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አንባቢ ያን ገጽ ዘሎ ያልፈዋል። በሽታው እንደማይተላለፍ በአረፍተ ነገር አትንገረን። ስኒ ይቀበሏት። ሕፃን ጭኗ ላይ ይተኛ። ሳሙናና ውሃ በየቀኑ ይታይ፣ እንደ ቡናው። ደግሞ የተሳሳተውን አባባል ቆንጆ አድርገህ አትጻፈው። እናት ስትረግም ግጥም የመሰለ ነገር ካስቀመጥክላት ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ቆንጆዋን አረፍተ ነገር ለእውነቱ አስቀምጣት። አክስትህ «እናቴ እኮ መርቃኝ ነው የሞተችው» ያለችው ታሪክህ ውስጥ የለም። ለምን?

መልስ 5፦ ዲያቆን ዘሞጣ

ሰላም መምህራችን። በቆሎ ተማሪነት ስድስት ዓመት በባዶ እግሬ ሄጃለሁ። ከሞጣ እስከ ደብረ ኤልያስ የረገጥኩት አፈር ነው። አብሮኝ ቅኔ የቆጠረ ወዳጄ እግሩ አብጦ ቀረ። እኔ ደህና ነኝ። ያኔ የተባለው ጓደኛዬ ላይ የሆነ ነገር አለ ነበር። ከላይ ነርሱ ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈውን ሳነብ ደንግጬ ነው የተቀመጥኩት።

ጠበልን በታሪክዎ ካነሱ ከሕክምናው ጋር አያጣሏቸው። ሰው ጠበሉን አይተውም፣ መተውም የለበትም። ተጠምቆ እግሩንም በሳሙና ይታጠብ። ሁለቱ አይጋጩም። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፣ ይህም ሥርዓታችን ነው። ሕመምተኛው ንጹሕ ካልሲ አድርጎ ቢገባ፣ ቤቱ ሲመለስ ቢታጠብ መልካም ነው። ይህን ካህኑ በዐውደ ምሕረት አንድ ቀን ቢናገረው ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ታሪክዎ ውስጥ ካህን ካለ፣ ይህችን ቃል ለእርሱ ይስጡት።

የጠያቂው መልስ፦ የደምበጫው መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር ቀን ጠፍቼ የነበረው እየጻፍኩ ስለነበር ነው።

ነርስ፣ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸውን ልንገርህ። ስለ ብናኙና ስለ ቱቦው ስነግራቸው ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ታዲያ ሌላ አገር ሰው ቀይ አፈር የለውም?» አለኝ። ሄጄ አነበብኩ። ሞሮኮና ቱኒዚያም ነበረ፣ ስኮትላንድና አየርላንድም ጭምር። ሰው ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ። እኛ አገር አሁንም 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንዳለ ይገመታል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ዝም አለ። ከመካከላቸው ስንቱ በባዶ እግሩ እንደመጣ ያን ቀን ነው የቆጠርኩት። አስራ አንድ ናቸው።

የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ፣ ስጋትህ ገብቶኛል። እርቁን አልነካሁትም። እንዲያውም አሁን ረዝሟል።

እናቴ ከሉማሜ፣ ሴትዮዋ አሁን ትጋግራለች። ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። ይህን ከእርስዎ ስለወሰድኩ ይቅርታ።

አርታዒው፣ ነጭ ጋዎን የለበሰውን አታምጣ ያልከኝን፣ አምጥቼው ነበር። ሦስት ገጽ ተናግሮ ነበር። አወጣሁት። በቦታው የገባው ይህ ነው፦

«ጀምበር ስታዘቀዝቅ ውሃውን ለብ አደረገችው። ገበቴውን ወደ ደጁ ጎትታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሳሙናውን ከጨርቁ ፈታችው። ቀኙን ቀድማ፣ ግራውን አስከትላ ታጠበች። በጣቶቿ መካከል አንድ በአንድ ጨርቅ እያስገባች አደረቀች። ቅባቱን ቀባች። ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል ቆማ ታያት ነበር።

‹ውሃውን የት ነው የምትደፊው?› አለቻት።

‹ጌሾው ሥር።›

ጎረቤቷ ምንም ሳትል ገባች። ሁለት ሳምንት አለፈ። ለሚካኤል ጠላ ልትጥል የተነሳች ዕለት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ‹ጌሾ አልቆብኛል› አለች። ሴትዮዋ ወደ ጓሮ አመለከተቻት። ጎረቤቷ ሄዳ ከዚያው ቅጠል ሸመጠጠች።»

እርግማኑ አሁንም አለ። እናት በንዴት ትናገረዋለች። ግን እግሯ ማቃጠል የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ ከብት ስትጠብቅ ነው። እናትም ከመሞቷ በፊት ትጠራታለች። ትመርቃታለች። እግሩ እንዳበጠ ነው። የአክስቴን ቃል ያስገባሁት እዚያ ጋ ነው፣ አስፈቅጃት።

ባለፈው እሁድ እንደገና አነበብኩላት። እንደ በፊቱ ቡና እያፈላች። ምርቃቱ ጋ ስደርስ ድምፄ ተይዞ ትንሽ ቆምኩ። «ቀጥል» አለችኝ። ጨረስኩ። ሦስተኛውን ቀድታ ሰጠችኝ።

ከዚያ፣ «አንድ የተሳሳትከው አለ» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ገበቴ ነው ያልከው። በገበቴ እግር ታጥቤ አላውቅም። ገበቴ ሊጥ ይቦካበታል። ሰው ምን ይለኛል? ሳፋ በል።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። ሳፋ አልኩ።

«ሰማያዊ» አለች።